የታመመችውን ዶሮ ከማረዳችሁ በፊት
ስለ ወፍ ጉንፋንና ስለ ፈጣን ምርመራው ለአርጆና ለአካባቢው ዶሮ አርቢዎች የቀረበ ምክር

ዶሮ ክንፏን ጥላ ስታንቀላፋ፣ አረንጓዴ ኩስ ስትጥል፣ በማግስቱ ሁለት ሦስቱ አብረው ሲሞቱ መጀመሪያ የሚባለው «ፈንግል ገባ» ነው። ከዚያ ቢላዋ ይመጣል፤ «ሳትሞት ትታረድ» ይባላል። ደህና የመሰለችው ደግሞ እግሯ ታስሮ ለገበያ ትወሰዳለች። ግምቱ ብዙ ጊዜ ትክክል ነው፤ የጓሮ ዶሮን በጅምላ የሚፈጀው ፈንግል ነውና። ነገር ግን ከፈንግል በዓይን የማይለይ ሌላ በሽታ አለ፤ እሱም የወፍ ጉንፋን ነው። የፊት ማበጥ፣ ራሷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ መጥቆር፣ የትንፋሽ ማጠርና ድንገተኛ ሞት በሁለቱም ይታያሉ። ልምድ ያለው የእንስሳት ሐኪም እንኳ ዶሮዋን አይቶ ብቻ ይህኛው ነው ብሎ መፍረድ አይችልም።

ልዩነቱ የሚያሳስበን ስለ ሰው ነው። ፈንግል ሰውን ቢነካ አብዛኛውን ጊዜ ዓይን አቅልቶ ያልፋል። ኤች5ኤን1 የሚባለው የወፍ ጉንፋን ግን በ1997 እ.ኤ.አ. በሆንግ ኮንግ 18 ሰዎችን ይዞ 6ቱን ገድሏል። በ1998 ዓ.ም. (በ2006 እ.ኤ.አ.) አፍሪካ ገባ፤ መጀመሪያ ናይጄሪያ፣ ከዚያ ግብፅ፣ ሱዳንና ጅቡቲ ደረሰ። በጅቡቲ አንዲት ሕፃን ልጅ ታማበታለች። በዚያው ዓመት በአገራችን በጉራጌ ዞን በሚገኝ አንድ የመንግሥት ዶሮ ማራቢያ ብዙ ዶሮ ሲያልቅ ትልቅ ስጋት ተፈጥሮ ነበር። ስጋቱን ያበረደው የምርመራው ውጤት ነው፤ ኤች5ኤን1 አልተገኘም። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ በኡጋንዳ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርቻ የዱር ወፎችና ዶሮዎች በሌላ የወፍ ጉንፋን ዓይነት ሞተዋል። በሽታውን ከአገር አገር ከሚያጓጉዙት መካከል ከሰሜን ክረምት ሸሽተው ወደ እኛ ውሃዎች የሚመጡ ወፎች አሉበት። ከዲዴሳ ወንዝና ከረግረጉ አጠገብ ዶሮ የምታረቡ ሰዎች ይህን ልብ በሉ፤ የውሃ ወፍ በሚያርፍበት ውሃ ዶሮ አታጠጡ።

ታዲያ በሽታው በምን ይለያል? ዲዴሳ ሸለቆ ወርዶ ሠርቶ በትኩሳት የተመለሰ ሰው ጤና ኬላ ሲሄድ ጣቱ ይወጋል፣ ደሙ በትንሽ መመርመሪያ ላይ ይንጠባጠባል፣ ጥቂት ቆይቶ ቀይ መስመር ከወጣ ወባ ነው ይባላል። ለወፍ ጉንፋንም በዚሁ ዘዴ የሚሠራ መመርመሪያ አለ። ያ ቀይ መስመር ወርቅ ነው። ወርቅ እጅግ ሲደቅና በፈሳሽ ውስጥ ሲበተን ቢጫነቱ ይጠፋና ቀይ ይሆናል። የደቃቁ መጠን 40 ናኖሜትር ያህል ነው፤ 25,000ው ጎን ለጎን ቢደረደር 1 ሚሊሜትር ይሞላል። እንዲህ ያለው በጣም የደቀቀ ነገር ናኖ ቁስ ይባላል።

በእያንዳንዱ የወርቅ ደቃቅ ላይ የጉንፋኑን ቫይረስ ብቻ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ይለጠፋል። ባለሙያው ከዶሮዋ ጉሮሮና ከኩሷ መውጫ በጥጥ የወሰደውን ናሙና በፈሳሽ አሟሙቶ ሲያንጠባጥብ፣ ፈሳሹ በመመርመሪያው ወረቀት ላይ እየተሳበ ወርቁን ይዞ ይሄዳል። ቫይረስ ካለ ወርቁ ይይዘዋል፤ መንገድ ላይ የተሠመረው ሌላ ፀረ እንግዳ አካል ደግሞ ሁለቱን አንድ ላይ ያስቀራቸዋል። እዚያ የተከማቸው ወርቅ ቀይ መስመር ሆኖ ይታያል። ውጤቱ ከሩብ ሰዓት እስከ ግማሽ ሰዓት ባለው ጊዜ ይታወቃል። መመርመሪያው በትክክል መሥራቱን የሚያሳየው ሁለተኛው የማረጋገጫ መስመር ካልወጣ ግን መመርመሪያው ተበላሽቷል፤ ውጤቱ አይቆጠርም።

ይህ መመርመሪያ ጠቃሚ ቢሆንም ፍርድ ሰጪ አይደለም። መስመሩ እንዲወጣ ብዙ ቫይረስ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ የሚያገለግለው በግልጽ ለታመመች ወይም በዚያው ቀን ለሞተች ዶሮ ነው። መስመር ቢወጣም የጉንፋን ቫይረስ መኖሩን እንጂ አደገኛው ዓይነት መሆኑን አይነግርም። ባይወጣም በሽታው የለም ማለት አይደለም። የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ላቦራቶሪ ነው፤ ለእኛ ቅርቡ በደሌ ያለው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ሲሆን አገር አቀፉ ደግሞ ሰበታ ይገኛል። በገበያ መመርመሪያ ነው ብሎ የሚሸጥላችሁ ቢኖር አትግዙ፤ ናሙና መውሰድ የሠለጠነ ሰው ሥራ ነው፤ አደጋም አለው።

ሁሉም ነገር የሚበላሸው በቢላዋው ላይ ነው። በደንብ የበሰለ ሥጋ ቫይረሱ በሙቀት ስለሚሞት ያን ያህል አያሰጋም። አደጋው ከድስቱ በፊት ነው፤ በማረዱ፣ በሙቅ ውሃ ነክሮ በመንጨቱ፣ ሆድ ዕቃ በማውጣቱ። ይህን ሥራ የሚሠሩት እናቶችና ልጃገረዶች ስለሆኑ ጉዳቱ ቀድሞ የሚያገኘው እነሱን ነው። የታረደችና የተበላች ዶሮ ደግሞ አትመረመርም። ስለዚህ የታመመች ዶሮ አትረዱ። አትሽጡም፤ ከአርጆ ገበያ የተሸጠች አንዲት ዶሮ በዚያው ቀን ነቀምቴ ወይም በደሌ ልትደርስ ትችላለች። ያንኑ ቀን ለቀበሌው የልማት ሠራተኛ ወይም ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ንገሩ። ባለሙያው እስኪደርስ የሞተችውን እጃችሁን በፌስታል ሸፍናችሁ አንሡ፣ በሁለት ፌስታል ቋጥሩ፣ ውሻና ልጅ በማይደርስበት ጥላ ሥር አኑሩ፤ ናሙና ከተወሰደ በኋላ ከምንጭና ከጉድጓድ ውሃ ርቃችሁ አንድ ሜትር በሚያህል ጉድጓድ ኖራ ወይም አመድ ነስንሳችሁ ቅበሩ። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ቫይረሱን የሸፈነው ስብ በሳሙና ይፈርሳል። እንደ አርጆ ባለ ብርዳማና እርጥብ ደጋ ኩስ ውስጥ ያለ ቫይረስ ከቆላው ይልቅ ረዥም ጊዜ ስለሚቆይ የዶሮ ቤቱን ጠርጋችሁ ለፀሐይ ክፈቱት። ዶሮ ከሞተበት ቤት ትኩሳት ወይም ሳል የያዘው ሰው ካለ ጤና ጣቢያ ሲሄድ ስለ ዶሮዎቹ ሞት ለሐኪሙ ይናገር።

«ብናገር የቀሩትን ይገድሉብኛል» የሚል ፍርሃት እንዳለ እናውቃለን፤ ለአንዲት እናት አሥር ዶሮ የልጅ ደብተርና የቤት ጨው ነው። ነገር ግን ምርመራው ፈንግል መሆኑን ቢያሳይ የጎረቤቶቻችሁን ዶሮዎች በክትባት ማትረፍ ይቻላል። ዝም ብትሉ ግን የመንደሩ ዶሮ ሁሉ ይከተላል።

ዶሮን ለፈንግል ማስከተብ የወፍ ጉንፋንን ቶሎ ለመጠርጠርም ይጠቅማል። ክትባቱ የወፍ ጉንፋንን አይከላከልም፤ ይሁን እንጂ በወቅቱ የተከተቡ ዶሮዎች በድንገት ቢያልቁ «ፈንግል ነው» ብሎ ማለፍ አይቻልምና ጥርጣሬው ወዲያው ይነሣል። ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ኢንስቲትዩት ሙቀት የሚቋቋም የፈንግል ክትባት ያመርታል፤ ለአንድ ዶሮ በዓይኗ አንድ ጠብታ ይበቃል፣ በየአራት ወሩም ይደገማል። ከክረምቱ መግቢያና ከበዓል ገበያ በፊት አስከትቡ። ከገበያ የገዛችኋትን ዶሮ ለሁለት ሳምንት ለብቻዋ አቆዩ። በጎረቤት በአንድ ሳምንት ብዙ ዶሮ ከሞተም የራሳችሁ እስኪታመሙ አትጠብቁ፤ ለባለሙያው ዛሬውኑ ንገሩ።