ፊልም ለምታሳየው የልጅ ልጄ

ልጄ፣ ቅዳሜ ማታ ያቤሎ ላይ የያሬድ ዘለቀን «ላምብ» ለሠፈሩ ወጣቶች ስታሳዪ እኔም ከኋላ ወንበር ላይ ነበርኩ። ቤት ስትገቢ ዐይንሽ ቀልቶ፣ «አያቴ፣ አዩልኝ አይደል? ግማሹ ሳቀ፣ አንዷ ሴት ጥላ ወጣች፤ ሁሉም ነገር ተበላሸ» አልሽኝ። ምንም አልተበላሸም። ሲከነክነኝ ሰንብቶ ይህን ጻፍኩልሽ።

1. የሚስቀውን አትቆጪ። ከፊት የተቀመጡት ጎረምሶች የሳቁት፣ እናቱን በድርቅ ያጣው ኤፍሬም ጓደኛ ያደረገውን በግ አጎቱ ለበዓል ሊያርድበት መሆኑን ሲሰማ ነው። ልጆቹን አውቃቸዋለሁ። ከ2013 እስከ 2015 የጋናውም የሃጋያውም ዝናብ አምስት ወቅት በተከታታይ ሲከዳን፣ ከአባቶቻቸው ጋር ሆነው የወደቀች ላም በጅራትና በቀንድ ይዘው ለማስነሣት የታገሉ ናቸው። ጎረምሳ በጓደኞቹ ፊት ማልቀስ ሞቱ ነው፤ ስለዚህ የመጣበትን ነገር በሳቅ ይገፋዋል። ከሁሉም ጮክ ብሎ የሳቀው ልጅ ወዲያው ስልኩን አውጥቶ አቀረቀረ። አጠገቡ ስለነበርኩ አይቻለሁ፤ ስልኩ አልበራም ነበር።

2. የወጣችውን ሴት ጠርተሽ አትመልሺ። በዚያ ድርቅ ዱብሉቅ መጠለያ ውስጥ ከርማ የመጣች ናት። አንቺ ፊልም ብለሽ የዘረጋሽው ለእሷ የራሷ ቤት ነው። ከዛሬ ጀምሮ መብራቱን ከማጥፋትሽ በፊት በኦሮምኛም በአማርኛም ተናገሪ፦ በዚህ ፊልም ውስጥ ረሃብ አለ፣ የሞተች እናት አለች፣ በሩ አይቆለፍም። ይህን ከተናገርሽ በኋላ የሚቀመጠው ፈቅዶ ተቀመጠ፤ የሚወጣውም ሳያፍር ይወጣል።

3. ይህ ከሁሉም ይበልጥብኛል። መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ አዲስ አበባ ነበርኩ፤ ተማሪ ነኝ። ያኔ ቴሌቪዥን ያለው ቤት ጥቂት ስለነበር የሠፈሩ ሰው አንድ ሳሎን ውስጥ ታጭቋል። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ወሎ ላይ የቀረጸውና በጥቅምት 1966 በአገሩ ቴሌቪዥን የታየው የረሃብ ፊልም ቀረበ። ደርግ ግን እንዳለ አላሳየውም። በሚሞቱት ሕፃናት መሐል የቤተ መንግሥቱን ድግስ፣ ለውሾች የሚሰጠውን ሥጋ አስገባበት። ቤቱ በለቅሶ ተናወጠ። ለቅሶው ግን ብዙ ሳይቆይ ወደ እርግማን ዞረ። በማግሥቱ ጠዋት ንጉሡ ከዙፋናቸው ወረዱ።

ረሃቡ እውነት ነበር፤ መደበቁም ግፍ ነበር። በማልቀሴ እስከ ዛሬ አልጸጸትም። ነገር ግን ድግሱና ረሃቡ በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ የተቀረጹ አልነበሩም፤ መቀስ ነው ያገናኛቸው። ከመቶ ዓመት በፊት ኩሌሾቭ የተባለ ሩሲያዊ የአንድን ተዋናይ ያልተለወጠ ፊት አንዴ ከሾርባ ሳህን፣ አንዴ ከሬሳ ሣጥን ቀጥሎ አሳይቶ ይህን አስረድቷል፤ ተመልካቹ ያንኑ ፊት አንዴ የራበው፣ አንዴ ያዘነ አድርጎ አየው። እኛ ያን ሌሊት ስናለቅስ ማን እንደቆረጠው፣ ለምን እንደቀጠለው አልጠየቅንም። በዚያው ዓመት ኅዳር 14 ቀን ወደ 60 የሚጠጉ ባለሥልጣናትና መኮንኖች ያለ ፍርድ ሲገደሉ፣ የዚያች ሌሊት ቁጣ ገና ከውስጤ ስላልወጣ ዝም አልኩ። ያ ዝምታ ነው የሚጸጽተኝ። ስለዚህ ልጄ፣ አልቅሺ። ካለቀስሽ በኋላ ግን ያንኑ ትዕይንት መልሰሽ እዪው፤ ከፊቱ ምን፣ ከኋላው ምን እንደተቀጠለ ልብ በዪ።

4. «ድፍረት»ን ለማሳየት እንዳሰብሽ ነግረሽኛል። ስለ ጠለፋ ነው፤ በ2006 ሰንዳንስ ላይ የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። ያው ዓመት ሳያልቅ አዲስ አበባ ሊመረቅ ሰው አዳራሽ ከገባ በኋላ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታግዶ ነበር፤ ታሪኩ የደረሰባት ሴት በሕይወት አለች፣ ቅሬታም ነበራት። አዳራሽሽ ውስጥም ተጠልፋ የተዳረች ሴት ልትኖር ትችላለች። መጀመሪያ ለሴቶች ብቻ አሳዪው።

5. ፊልሙ እንዳለቀ መብራቱን ቦግ አታድርጊ። ሰው ፊቱን የሚጠርግበት ጊዜ ስጪው። ወዲያውም ማይክራፎን ይዘሽ «ምን ተሰማችሁ?» አትበዪ፤ ቡና አፍዪ፣ ወሬው ራሱ ይመጣል።

ሰኞ ገበያ ውስጥ ያቺ ፊልሙን ጥላ የወጣችው ሴት አገኘችኝ። ሰላምታ ተለዋውጠን ልንለያይ ስንል ነጠላዋን ወደ አፏ ሰብስባ፣ «በጉ ተረፈ?» አለችኝ። ልጄ ትነግርሻለች አልኳት። ረቡዕ ለቡና ትመጣለች፤ ቤት ቆዪ።