ቃሉ ታውቆ ነገሩ ሲጠፋ፤ ስለ እንግሊዝኛ ፈሊጥ

በእንግሊዝኛ የምንማር ሁላችን የምናውቀው አንድ ችግር አለ። ዐረፍተ ነገሩ አጭር ነው፤ ቃላቱም ከልጅነት የለመድናቸው ናቸው፤ ነገር ግን ትርጉሙ አልያዝ ይላል። መዝገበ ቃላት ቢገለጥም የሚገኘው ያው የታወቀው ፍች ነው። ይህ የሚሆነው ደራሲው በፈሊጥ ስለ ተናገረ ነው።

ፈሊጥ ማለት ቃላት ለየብቻቸው የሌላቸውን ትርጉም አንድ ላይ ሲቆሙ የሚይዙበት አነጋገር ነው። ለዚህ እንግዶች አይደለንም። «ልብ ገዛ» ስንል ሥጋ ቤት የሄደ የለም። «ሆደ ሰፊ» የተባለውም ሰው ታጋሽ ነው እንጂ በላተኛ አይደለም፤ ሁለቱን ቃላት ብቻ የሚያውቅ እንግሊዛዊ ግን ምን ብሎ እንደሚተረጕመው መገመት ይቻላል። እኛም በእርሱ ቋንቋ የምንወድቀው በዚሁ ሥፍራ ነው።

«ፑል ሂዝ ሌግ» በቁሙ እግሩን ጐተተ ማለት ነው፤ ትርጉሙ ግን በቀልድ ማታለል ነው። በእኛ ዘንድ እግሩን የሚጐትት ሰው ሳይወድ የሚሄድ ነው። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን «ለርን ባይ ሃርት» የሚለው ነው። በልብ መማር ሲባል አስተውሎ፣ ገብቶት የተማረ ሊመስለን ይችላል። እንግሊዞች የሚሉት ግን በቃል መያዝን ነው፤ ይግባው አይግባው ጉዳያቸው አይደለም። እኛ በአፍ ያስቀመጥነውን እነርሱ በልብ አስቀመጡት። (የፈተና ሰሞን ለሚሆነው የእኛው አባባል የቀረበ ይመስለኛል።)

ፈሊጥ ከሕዝብ ኑሮ ይወለዳል። እንግሊዞች የደሴት ሰዎች ስለ ሆኑ ብዙው አነጋገራቸው ከመርከብ የወጣ ነው። በነገሩ ድንገተኛነት ክው ያለ ሰው «ቴክን አባክ» ይባላል፤ ይህም ነፋስ በድንገት ከፊት መጥቶ ሸራውን ወደ ምሰሶው ሲገፋው መርከበኞች ይሉት የነበረ ቃል ነው። ሥራውን ጠንቅቆ ለሚያውቅ ሰው «ሂ ኖውስ ዘ ሮፕስ» ይባላል፤ የሸራውን ገመዶች ለይቶ ያውቃል ማለት ነው። ይህን ያልሰማ ተማሪ ገመዱን ምን አመጣው ቢል አይፈረድበትም።

ሌላው ምንጭ መጽሐፍ ቅዱስ ነው፤ በዚህ በኩል የቄስ ትምህርት ቤት ያየ ተማሪ ከእንግሊዞቹ ልጆች አያንስም። በሌሎች ጥፋት የሚወቀሰውን ሰው «ስኬፕጎት» ይሉታል። ቃሉን ያወጣው ዊልያም ቲንዴል እ.ኤ.አ. በ1530 ባሳተመው የኦሪት ትርጉም ሲሆን፣ ፍየሉ በዘሌዋውያን ምዕራፍ 16 የሕዝቡን ኃጢአት ተሸክሞ ወደ ምድረ በዳ የሚሰደደው ነው። እጅግ የተወደደ ልጅ ደግሞ ለአባቱ «ዚ አፕል ኦቭ ሂዝ አይ» ነው። አንዳንዱ የዓይን ፖም ብሎ ይተረጕመዋል! ፖሙ ግን የዓይን ብሌን ነው፤ የዱሮ እንግሊዞች ብሌንን እንደ ድቡልቡል ነገር ስለሚቈጥሩት ፖም አሉት። ዘዳግም 32፥10ን በሁለቱም ቋንቋዎች አጠገብ ለአጠገብ ያነበበ ሰው ያለ መምህር ይረዳዋል።

ሰዋስው እንኳ በፈሊጥ ላይ እንደ ልቡ አያዝም። «ኪክ ዘ ባኬት» ባልዲውን በእግር መታ ይመስላል፤ ፍቹ ሞተ ነው። ባልዲው ተመታ ብለን ወደ ተደራጊ ግሥ ስንለውጠው ሞቱ ይቀርና ባልዲው ብቻውን ይተርፋል። ምስጢር አወጣ የሚለው «ስፒል ዘ ቢንስ» ግን ወደ ተደራጊ ቢለወጥም ትርጉሙን አይለቅም። ስለዚህ አንዱን ሕግ ይዞ ሁሉን መፍታት አይቻልም፤ እያንዳንዱን ከነሙሉ ዐረፍተ ነገሩ በደብተር መጻፍ ይሻላል። መዝገበ ቃላትም ቢሆን ፈሊጡን ብዙ ጊዜ የሚያኖረው በዋናው ቃል ሥር፣ ከፍቺዎቹ ሁሉ በኋላ ነው፤ እኛ ደግሞ የመጀመሪያውን ፍች አይተን እንዘጋዋለን።

የሚነገርበትንም ሥፍራ መለየት ያስፈልጋል። «ኪክ ዘ ባኬት» የጨዋታና የፌዝ ቃል ነው። በእኛ ቋንቋ ንጉሡ በዚህ ዓመት «ክልትው አሉ» ብሎ የታሪክ ድርሰት የሚጽፍ ተማሪ የለም፤ በእንግሊዝኛ ግን የሚጽፍ አይጠፋም።