ምንባብና ድርሰት፦ ለቀድሞ ዘመን ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ካርቡሬተር መምረጥ

ሀ. መግቢያ

ገላጭ ድርሰት አንድ ነገር ምን እንደ ሆነና እንዴት እንደሚሠራ ያስረዳል። በዚህ ትምህርት ደግሞ ሁለት ወይም ሦስት ነገሮችን አነጻጽሮ አንዱን በምክንያት የሚመርጥ ድርሰት እንዴት እንደሚጻፍ እናጠናለን። ምክንያት የሌለው ምርጫ አስተያየት ብቻ ነው፤ ምክንያት ሲታከልበት ግን ፍርድ ይሆናል። የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ። በምታነቡበትም ጊዜ ለእያንዳንዱ ሐሳብ የተሰጠውን ምክንያት በደብተራችሁ መዝግቡ።

ለ. ምንባብ

ካርቡሬተር ቤንዚንን ከአየር ጋር ቀላቅሎ ለሞተር የሚያቀርብ መሣሪያ ነው። ቤንዚን በሚገባ እንዲነድ ለ1 ኪሎ ግራም ቤንዚን 15 ኪሎ ግራም ያህል አየር ያስፈልጋል። አየሩ በካርቡሬተሩ ጉሮሮ ሲያልፍ በጠባቡ ቦታ ላይ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ግፊቱም ይቀንሳል። በዚህ ጊዜ ቤንዚኑ ከመርጫው ቀዳዳ ተስቦ ይወጣና እንደ ጉም ተበታትኖ ከአየሩ ጋር ይደባለቃል። በአዳዲስ መኪናዎች ላይ ይህን ሥራ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚታዘዝ የነዳጅ መርጫ ስለ ተረከበው፣ የካርቡሬተር ምርጫ ዛሬ በይበልጥ የሚያሳስበው የቀድሞ ዘመን መኪና ያለውን ሰው ነው።

ስድስት ሲሊንደሮች በአንድ መስመር በተደረደሩበት ሞተር ላይ አንድ ካርቡሬተር ብቻ ከመካከል ቢቀመጥ፣ ድብልቁ ወደ ዳርና ዳር ሲሊንደሮች ለመድረስ ረጅም መንገድ ይጓዛል። ስለዚህ አንዱ ሲሊንደር ቤንዚን የበዛበት፣ ሌላው ቤንዚን ያነሰበት ድብልቅ ሊደርሰው ይችላል። ከአንድ በላይ ካርቡሬተር መግጠም ያስፈለገበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ታዲያ ስንት ይሁኑ? ስፋታቸውስ ምን ያህል ይሁን?

የእንግሊዝ አገሩ የጃጓር ፋብሪካ በ1948 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኤክስ ኬ 120 የተባለው መኪና 3.4 ሊትር ሞተርና ሁለት ኤስ ዩ ካርቡሬተሮች ነበሩት። በ1959 እ.ኤ.አ. የወጣው ማርክ 2 ባለ 3.8 ሊትሩ ሞተር በሁለት ካርቡሬተሮች 220 የፈረስ ጉልበት እንዳለው ፋብሪካው አስታወቀ። በ1961 እ.ኤ.አ. የወጣው ኢ ታይፕ ደግሞ በዚያው በ3.8 ሊትር መጠን፣ እያንዳንዳቸው 2 ኢንች ስፋት ባላቸው ሦስት ካርቡሬተሮች 265 የፈረስ ጉልበት እንዳለው ተነገረለት። ይህን የሚያይ ሰው 45ቱን የፈረስ ጉልበት ያስገኘው ሦስተኛው ካርቡሬተር ነው ሊል ይችላል። ይሁን እንጂ የሁለቱ ሞተሮች ቴስታታ አንድ ዐይነት አልነበረም፤ በኢ ታይፑ ላይ ያለው ለአየር ይበልጥ ቀና መንገድ የሚሰጥ ነበር። ስለዚህ ብዙ ምክንያት ያለውን ውጤት ለአንድ ምክንያት ብቻ መስጠት ስሕተት ነው።

የሲሊንደሮቹ ተራም ሊታሰብበት ይገባል። በዚህ ሞተር ሲሊንደሮቹ አየር የሚስቡት በ1፣ 5፣ 3፣ 6፣ 2፣ 4 ተራ ነው። አንዱ ካርቡሬተር ከ1 እስከ 3፣ ሌላው ከ4 እስከ 6 ያሉትን ሲሊንደሮች ቢመግብ፣ ተራው አንድ ጊዜ ለአንዱ፣ አንድ ጊዜ ለሌላው እኩል ይደርሳል። ካርቡሬተሮቹ ሦስት ሆነው እያንዳንዳቸው ሁለት ሲሊንደር ቢመግቡ ግን ነገሩ ይለወጣል። 3ኛውና 4ኛው ሲሊንደር በተራው ሦስተኛና ስድስተኛ ስለ ሆኑ የመካከለኛው ካርቡሬተር ሥራ የተስተካከለ ነው። 1ኛውና 2ኛው ሲሊንደር ግን በተራው አንደኛና አምስተኛ ናቸው፤ 5ኛውና 6ኛውም ሁለተኛና አራተኛ ናቸው። ስለዚህ የዳርና ዳሮቹ ካርቡሬተሮች አንድ ጊዜ ቶሎ፣ አንድ ጊዜ ዘግይተው ይሳባሉ። ይህን ለማቻቻል ማመጣጠኛ መተላለፊያና ጥንቃቄ የተሞላበት ማስተካከል ያስፈልጋል።

ስፋትን ለመምረጥ መጀመሪያ የሞተሩን የአየር ፍላጎት ማስላት ይገባል። ይህ ሞተር በየሁለት ዙሩ የራሱን መጠን ያህል፣ ማለትም 3.781 ሊትር አየር ይስባል እንበል። በደቂቃ 5,500 ዙር ሲዞር 10,400 ሊትር ያህል፣ በ1,500 ዙር ግን 2,800 ሊትር ያህል አየር ብቻ ይፈልጋል። የጉሮሮው ስፋት በማይለወጥ ካርቡሬተር ላይ ለከፍተኛው ፍጥነት የተመረጠ ሰፊ ጉሮሮ በዝግታ ጉዞ የአየሩን ሩጫ ያደክማል፤ ቤንዚኑም በሚገባ ሳይበታተን ይቀራል። የጣልያኑ ዌበር ካርቡሬተር ከዚህ ዐይነት ነው። ሁለት ጉሮሮ ያላቸው ሦስት ዌበሮች ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱን ጉሮሮ ስለሚሰጡ ለእሽቅድምድም ተወዳጅ ናቸው፤ ነገር ግን ጉሮሮውና መርጫው ለሞተሩ በልክ መመረጥ አለባቸው። በኤስ ዩ ካርቡሬተር ግን በውስጡ ያለው ፒስተን እንደ አየሩ መጠን ከፍና ዝቅ እያለ መተላለፊያውን ራሱ ያሰፋል፣ ያጠባል።

የተሳሳተ ምርጫ ጉዳቱ የቤንዚን ብክነት ብቻ አይደለም። ቤንዚን የበዛበት ድብልቅ የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት አጥቦ የፒስተን ቀለበቶችን ያስበላል፤ ቤንዚን ያነሰበት ድብልቅ ደግሞ በጉልበት ሥራ ጊዜ ሙቀትን አብዝቶ ፒስተንና ቫልቭ እስከ ማቃጠል ይደርሳል። እንግዲህ በከተማና በአውራ ጎዳና ለሚነዳ ባለ ስድስት ሲሊንደር መኪና በሚገባ የተስተካከሉ ሁለት ካርቡሬተሮች የተሻሉ ናቸው። ሦስቱ ተገቢ የሚሆኑት እንደ ኢ ታይፕ ሞተሩ ከመጀመሪያው ለእነርሱ ሲሠራ፣ ወይም ቴስታታውና የጭስ መውጫው ለከፍተኛ ፍጥነት ሲዘጋጁ ነው። ልክ ያልሆነ ብዛት ጉልበት አይሆንም።

ሐ. የቃላት ፍች

1. ጉሮሮ፦ አየር የሚያልፍበት የካርቡሬተር ውስጠኛ መንገድ።
2. ቴስታታ፦ የሲሊንደሮች የላይ ክዳን፤ ቫልቮች የሚገኙበት።
3. ማቻቻል፦ የሚበላለጡ ነገሮችን ማስማማት፣ ማመጣጠን።

መ. ሰዋስው

«ጉሮሮው ከሰፋ የአየሩ ፍጥነት ይቀንሳል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ሁልጊዜ የሚሆነውን ይገልጻል። «ጉሮሮው ሰፍቶ ቢሆን ኖሮ የአየሩ ፍጥነት ይቀንስ ነበር» የሚለው ግን ያልሆነውን በሐሳብ ያሳያል። በምንባቡ ውስጥ «ቢ» የገባባቸውን ሦስት ግሶች አውጡና በ«ከ» ለውጣችሁ ጻፉ። ትርጉሙ በምን እንደሚለይ አስረዱ።

ሠ. ጥያቄዎች

1. የ45ቱ የፈረስ ጉልበት ልዩነት ከሦስተኛው ካርቡሬተር ብቻ መጣ ማለት ለምን ስሕተት ሆነ?
2. ሦስት ካርቡሬተሮች ሲኖሩ ሥራው የተስተካከለው የትኛው ነው? በተራ ቁጥሮቹ አስረዱ።
3. ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ዙር ሲዞር ስንት ሊትር አየር ይስባል? በምንባቡ የተሰጠውን ስሌት ተከተሉ።

ረ. ድርሰት

በቤታችሁ ወይም በአካባቢያችሁ ለአንድ ሥራ የሚያገለግሉ ሁለት መሣሪያዎችን መርጣችሁ በአራት አንቀጽ አነጻጽሩ። በመጀመሪያው አንቀጽ የሥራውን ፍላጎት ግለጹ፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው የእያንዳንዱን ጥቅምና ጉድለት ዘርዝሩ፤ በአራተኛው ፍርዳችሁን ስጡ። ፍርዳችሁ በየትኛው ሁኔታ እንደሚለወጥም መጨመርን አትርሱ።