ቀን ታስሮ ሌሊት የሚፈታ ውሻ

አገር ቤት ውሻ ቀን ይታሰራል፣ ሲመሽ ይፈታል። እኔም እዚህ ቱሶን፣ አሪዞና ቦቢን የያዝኩት በዚሁ ልማድ ነበር። ቀን ከሙቀቱ ተጠልሎ ቤት ይውላል፤ ማታ ጓሮ እለቀዋለሁ። ይህ ልማድ ለበረሃ አገር እንደማይሆን የተማርኩት ውሻዬን ላጣው ስል ነው።

አንድ የጁላይ ምሽት ዝናቡ እንዳባራ ቦቢ ለሃጩን እያዝረበረበ ከጓሮ ገባ። ድዱ ቀልቷል፣ ይንገዳገዳል። መርዝ ነው ብዬ ወተት ላጠጣው ስሮጥ፣ በስልክ ያገኘኋት የእንስሳት ሐኪም "ምንም እንዳታጠጣው፤ አፉን እጠበው" አለችኝ።

ቦቢ የነከሰው የሶኖራ በረሃ ጉርጥ ነበር። ይህ ትልቅ ጉርጥ ደረቁን ወራት መሬት ውስጥ ተደብቆ ያሳልፍና ዝናብ ሲመጣ ማታ ማታ ይወጣል። የአሪዞና የዝናብ ወቅት የሚባለው ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 30 ያለው ጊዜ ነው፤ ከእኛ ክረምት ጋር ይገጥማል። ጉርጡ ሲነከስ ከዓይኑ ጀርባና ከእግሮቹ ላይ የሚወጣው ነጭ ፈሳሽ የውሻን ልብና ነርቭ ይመርዛል፤ ሊገድልም ይችላል።

ቢገጥማችሁ እንዲህ አድርጉ፦

1. የውሻውን ራስ ወደ ታች አዘንብላችሁ ውሃውን ከጎን በኩል ወደ ውጭ እንዲፈስ አድርጉ። ወደ ጉሮሮው አትልቀቁት፤ መርዙን ይውጠዋል።
2. ድዱንና ምላሱን በእርጥብ ጨርቅ ደጋግማችሁ ጥረጉ።
3. ወዲያው ወደ ሐኪም ውሰዱት። የሚንቀጠቀጥ ወይም ራሱን የሳተ ከሆነ ማጠቡን ትታችሁ በቀጥታ ሂዱ።

ራትልስኔክ የሚባለው መርዘኛ እባብም በበጋው ሙቀት ቀን ተሸሽጎ ማታ ይንቀሳቀሳል። ውሻ ሁሉን በአፍንጫው ስለሚመረምር ብዙ ጊዜ የሚነደፈው ፊቱ ላይ ነው። ቁስሉን አትብጡ፣ አትምጠጡ፣ አትሰሩ፣ በረዶም አታድርጉበት። ከተቻለ ተሸክማችሁ፣ ብዙ ሳታንቀሳቅሱት፣ የእባብ መርዝ ማርከሻ ወዳለው ክሊኒክ አድርሱት። ማርከሻው በሁሉም ክሊኒክ ስለማይገኝ አስቀድማችሁ ደውሉ። ትንሽ ውሻ ያላችሁ ደግሞ ኮዮቲን አትርሱ። የቀበሮ ዘመድ የሆነው ይህ አውሬ አጥር ዘሎ ይገባል፤ የሚያድነውም በብዛት ከምሽት እስከ ንጋት ነው።

ሁሉም የሚወጡት እኛ ውሻ በምንፈታበት ሰዓት መሆኑን ልብ በሉ። እዚህ ሌሊት ግቢውን የሚጠብቀው ውሻው አይደለም፤ ውሻውን የምንጠብቀው እኛ ነን።

ቦቢ ድኗል። አሁን ማታ ሲወጣ ባጭር ገመድ ይዤው፣ ባትሪ እያበራሁ አብሬው እወጣለሁ። ጓሮ ውስጥ ውሃና ምግብ አላሳድርም፤ ጉርጡንም ኮዮቲውንም ይጠራል። እናንተም በአቅራቢያችሁ 24 ሰዓት የሚሠራ የእንስሳት ክሊኒክ ፈልጋችሁ ቁጥሩን ዛሬውኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። እኔ ያን ምሽት ቁጥር ስፈልግ ያጠፋኋቸው ደቂቃዎች እስካሁን ይቆጩኛል።