ስለ ብድርና ስለ ገንዘብ አቆጣጠር

ልጆች ሆይ፤ በቀድሞ ዘመን በአገራችን ገበያ አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ሆኖ ያገለግል ነበር። አሞሌ በአፋር ቆላ ካለው የጨው ሜዳ ተጠርቦ በግመልና በበቅሎ ወደ ደጋ ይወጣ ነበር፤ ዝናብ ካገኘው ግን ይሟሟልና የሚያስቀምጡት ሰዎች ብዙ ይጨነቁበት ነበር። ከእርሱም ጋር የማርያ ቴሬዛ ብር ነበረ። በላዩ የተጻፈው ዘመን በፈረንጆች አቆጣጠር 1780 ነው፤ ከዚያም በኋላ በብዙ ዓመታት የተሠራው ሁሉ ያንኑ 1780 ይዞ ይወጣ ነበር። በ1937 ዓ.ም. አንዱ ብር በ100 ሳንቲም የተከፈለበት አዲስ ገንዘብ ታወጀ።

ወደ ሱቅ የተላከ ልጅ መልሱን በባለ ሱቁ ፊት ይቁጠር። አንዳንድ ሰው ይህን እንደ ነውር ይቆጥረዋል፤ እኔ ግን ቤት ደርሶ «ጎደለ» ብሎ ሰውን ማማት የባሰ ነውር ይመስለኛል።

አሁን ስለ ብድር ልንገራችሁ። አንድ ብር ብዙ ነገር በሚገዛበት ዘመን አንዲት መበለት ነበረች። ዘር ስላለቀባት ከአንድ ባለጠጋ 10 ብር ተበደረች፤ በወረቀቱም ላይ ሳታስነብብ በአውራ ጣቷ ፈረመች። በየወሩም አንድ አንድ ብር ሳታስተጓጉል ትከፍል ነበር። ዓመቱ ሲሞላ፣ «ጌታዬ፣ ዕዳዬን ጨርሼ ሁለት ብር አትርፌአለሁ» አለችው። እርሱም «የከፈልሽው ወለዱን ነው፤ ዋናው አልተነካም» ብሎ መለሰላት።

መበለቲቱ እያለቀሰች ልጇን ከትምህርት ቤት ጠራችው። ልጁም ወረቀቱን ተቀብሎ ፊደሉን እየለየ በዝግታ አነበበው። ባለጠጋው አልዋሸም ነበር፤ ወረቀቱ «በየወሩ አንድ ብር ወለድ ይከፈላል፤ ዋናው 10 ብር ባንድ ጊዜ ይመለሳል» ይል ነበር። «እናቴ ሆይ፤ 12 ብር ከፍለናል፤ 10 ብርም አለብን። እስክንመልሰው ድረስ በየወሩ አንድ ብር ይሄዳል» አላት። ስለዚህ ያለቻቸውን አንዲት ጊደር ሸጡ። ልጁም ገንዘቡ መመለሱን ጽፎ ባለጠጋውን በምስክር ፊት አስፈረመው፤ አሮጌውን ወረቀትም ተቀብሎ ቀደደው።

ከዚያ በኋላ መበለቲቱ ለወለድ ትከፍለው የነበረውን ያንኑ አንድ ብር በዕቁብ ማግባት ጀመረች። ዕቁብተኞቹ ዐሥር ነበሩ፤ በየወሩ አንድ አንድ ብር ያዋጣሉ፤ ዕጣ የወጣለትም 10 ብር ይወስዳል። አስቀድሞ የደረሰው ያለ ወለድ እንደ ተበደረ ነው፤ በመጨረሻ የደረሰውም እንዳጠራቀመ ነው። ነገር ግን ቀድሞ የወሰደ ሰው ሳይከፍል እንዳይቀር ዋስ ይጠራል። ለመበለቲቱ ዕጣው በሰባተኛው ወር ወጣላት። በማግስቱም ጊደር ልትገዛ ወደ ገበያ ስትወርድ ልጇን አስከትላ ሄደች፤ ብሩን የቆጠረው እርሱ ነበረ፤ የሽያጩንም ወረቀት እስከ መጨረሻው ካነበበላት በኋላ አውራ ጣቷን በቀለሙ ነከረች።