እሳቱ ይቆይ፣ ጭሱ ይውጣ

የደላንታዋ ወገል ጤና ላይ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የሰው ሁሉ ልብ ወደ ምድጃ ነው። የደላንታ ደጋም ሆነ የላስታ ተራራ ብርዱ አይቀለድበትም፤ ኅዳር ላይ ውርጭ፣ ክረምት ላይ ጉምና ጭቃ አለ። ስለዚህ እሳታችሁን አጥፉ ብዬ አልመክራችሁም። እንዲህ የሚል መካሪ ካለ ደጋ አድሮ አያውቅም ማለት ነው። እሳቱ ይቆይ፤ የሚወጣው ጭሱ ነው። ደግሞም ትችላላችሁ!

ትልቁ እንቅፋታችን ጭስን እንደ ዕጣ ፈንታ መቀበላችን ይመስለኛል። እናት እንባዋን እየጠረገች ትጋግራለች፣ የታዘለው ሕፃን ይስላል፣ እኛም «ምን ይደረግ፣ የድሃ ቤት ነው» ብለን እናልፋለን። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው ግን እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ የቤት ውስጥ ጭስ 3.2 ሚሊዮን ሰዎችን ያለ ዕድሜያቸው ቀጥፏል፤ ከ237 ሺህ በላይ የሚሆኑት አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው። በአገራችን ከአሥር ቤተሰብ ዘጠኙ ገደማ የሚያበስለው በእንጨት፣ በኩበትና በከሰል ነው። ጭሱን በብዛት የሚስበው ደግሞ ምጣዱ ሥር ቁጭ የሚለው ሰው ነው፤ እሱም ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

እስቲ የራሳችሁን አገር ሰው ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2008 ገደማ ወገል ጤና አካባቢ ኦፓል የተባለው የከበረ ድንጋይ ሲገኝ የደላንታ ወጣት በገደል ወገብ ላይ ዋሻ ፈልፍሎ ገባ። በላስታ በኩል ደግሞ የጥንቱ ሰው ከአንድ ወጥ አለት ቤተ ክርስቲያን ከነመስኮቱ ጠርቦ አውጥቷል። ለእንዲህ ያለ ሕዝብ በጭቃ ግድግዳ ላይ ለጭሱ መውጫ ሁለት ስንዝር ቀዳዳ መክፈት ሥራ ነው?

ቀዳዳው ግን ቦታ ይመርጣል። ትኩስ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ከምድጃው በላይ፣ ከጣሪያው ሥር፣ ነፋስ በማይመታው በኩል ይሁን። ነፋሱ ከፊት ለፊቱ ከመጣ ጭሱን መልሶ ቤት ውስጥ ይነዛዋል። ከታች ደግሞ ንጹሕ አየር የሚገባበት ያስፈልጋል፤ ለዚህ ገርበብ ያለ በር ይበቃል። የሳር ክዳን ጭሱን በስሱም ቢሆን ያሳልፋል፤ ቆርቆሮ ግን አያሳልፍም። ብዙ ሰው ቆርቆሮ ከለወጠ በኋላ በግድግዳውና በጣሪያው መካከል ያለውን ክፍተት ለብርድና ለአይጥ ብሎ በጭቃና በጆንያ ይደፍነዋል። ቤቱ አምሯል፤ ጭሱ ግን መውጫ አጥቷል። ከምድጃው በላይ ያለችውን ክፍተት ብቻ ክፈቷት፤ አይጡን በወንፊት ሽቦ መከልከል ይቻላል።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። ስለ ወጡ አልከራከርም፤ ለሳንባ ግን ጉልቻ መለወጥ ዋጋ አለው። ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ አሸዋ የሚሠራው «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ በእኛ አቆጣጠር በ1980ዎቹ እዚሁ አገራችን የተፈለሰፈ ነው። እሳቱን ዙሪያውን ስለሚከልለው ማገዶውን ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር በግማሽ ያህል ይቆጥባል። ኩበት ለመልቀም የሚያልፈውን ሰዓት ለምታውቅ እናት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጭሱንም ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም፤ ስለዚህ «ምርጥ ገዝቻለሁ» ብላችሁ ቀዳዳውን መልሳችሁ እንዳትደፍኑት።

ማገዶውም ይድረቅ። እርጥብ ኩበትና እርጥብ ባሕር ዛፍ ከሚነዱት ይልቅ የሚጨሱት ይበልጣል። ክረምት ሳይገባ መጠለያ ሥር መከመርና እንጨቱን ቀጠን አድርጎ መፍለጥ ገንዘብ አይጠይቅም።

አሁን ወደ ከሰሉ እንምጣ። እዚህ ላይ ቀልድ የለም። «ፍሙ ቀልቷል፣ ጭሱ አልቋል፣ አሁን ማንደጃው ቤት ይግባ» የሚለው የብዙዎቻችን እምነት ሰው ይገድላል። የቀላ ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ፣ የማይታይና የማይሸት ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ በደማችን ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ የሚይዘው ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 እጥፍ በላይ በበረታ ጉልበት ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 3000 ሜትር ላይ ደግሞ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለው ሰው በሲሶ ገደማ ያንሳል፤ ደገኛ እንግዲህ የሚያባክነው ትርፍ አየር የለውም። ሰው ተኝቶ ከሆነ አደጋው መድረሱን ሳያውቀው ያልፋል። አዲስ አበባም ብርድ በመጣ ቁጥር ማንደጃ አስገብተው በዚያው የቀሩ ሰዎች ወሬ ይሰማል።

ቡናው በከሰል ይፈላ፤ በሩ ይከፈት፣ እጣኑም ይጢስ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተጠጥቶ ሲያበቃ ግን ማንደጃው ከሳር ክዳን ራቅ ተደርጎ ደጅ ይውጣ፤ መኝታ ቤት ከቶ አይግባ። ከሰል በነደደበት ቤት አንዱ ራሴን አመመኝ፣ አዞረኝ፣ አቅለሸለሸኝ ካለ ድካም ነው ብላችሁ አታስተኙት። ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር አውጡት፣ በሩን ሁሉ ክፈቱ፣ ወደ ጤና ጣቢያም ውሰዱት። ለሌሊቱ ብርድ ጋቢ ላይ ባና ደርቡ።