የበረሃ ምንጭ ዓሣና የመንጋ አጠጣጥ፦ ከአፍዴራ የሚገኝ ትምህርት

በቆላ መንጋ የሚነዳ ሰው ምንጭ ላይ ሲደርስ የሚያሰላው ውሃው ለስንት ግመል እንደሚበቃ ነው። በውስጡ ስለሚኖረው ዓሣ የሚጨነቅ ብዙም የለም። ይሁንና ዓሣውን የሚያጠፉት ነገሮች አብዛኞቹ ለመንጋውም የማይበጁ ናቸው።

በአፋር ክልል የሚገኘው የአፍዴራ ሐይቅ ከባሕር ወለል 100 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ የተኛ ሲሆን ጨውነቱ ከባሕር ውሃ እጅግ ይበልጣል። በዳርቻው ግን ፍልውሃዎች ይፈልቃሉ። በእነዚህ ምንጮችና ውሃቸው ሐይቁን በሚቀላቀልበት ዳር፣ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ ሁለት ትናንሽ ዓሦች ይኖራሉ። አንደኛው ዳናኪልያ ፍራንኬቲ ይባላል። ሁለተኛው አፋኒየስ ስቲያስኔ ሲሆን፣ ኢትዮጵያዊው የዓሣ ተመራማሪ አበበ ጌታሁን ከኬኔት ላዛራ ጋር እ.ኤ.አ. በ2001 ለሳይንስ ያስተዋወቁት ነው። የዳናኪልያ ዘመድ የሆነ ሌላ ዓሣ ደግሞ ከድንበሩ ማዶ፣ በኤርትራ በኩል ባለው የደናክል ቆላ ይገኛል።

እ.ኤ.አ. በ1998 ጦርነቱ ተነሥቶ የአሰብ ጨው ሲቋረጥ የአገሪቱ የጨው ገበያ ወደ አፍዴራ ዞረ። የሐይቁ ውሃ በፓምፕ እየተሳበ በፀሐይ ይደርቃል፤ በዙሪያውም ሰፈር በቀለ። ለዓሣው ምንጮቹ መጠጊያው ናቸውና ምንጭ ሲጠለፍ፣ ሲቆሽሽ ወይም ሲደርቅ የሚሸሽበት የለውም። ወንዝ ቢሆን ሽቅብ ወይም ቁልቁል ይሄድ ነበር።

የከብት ነጋዴው ድርሻ በየትኛውም የበረሃ ምንጭ ላይ ይታያል። የተጠማ ግመል በአንድ ጊዜ 100 ሊትር ያህል ይጠጣል፤ ጉዳቱ ግን ከመጠጡ ይልቅ ከእግሩ ይመጣል። መንጋው የምንጩን ዐይን ሲረግጥ አፈሩ ይጠቀጠቃል፣ ደለል ይሞላዋል፣ በጠጥና ሽንት ይገባበታል። ዐይኑን በድንጋይ ወይም በእሾህ አጥሮ ውሃውን በቦይ ዝቅ ብሎ ወዳለ ገንዳ ማውረድ ለሁለቱም ይበጃል፤ ከኋላ የሚመጣው መንጋም ንጹሕ ውሃ ያገኛል።

ከሁሉ የከፋው የመዥገር መድኃኒት ነው። ሳይፐርሜትሪንና ዴልታሜትሪን በልኩ ሲረጩ ግመሉን አይጎዱትም፣ ዓሣን ግን በጣም ጥቂቱ ይገድላል። እንዲህ ባለ ጠባብ ኩሬ ውስጥ አንድ የመርጫ ፓምፕ ማጠብ ብቻ ብዙ ያጠፋል። ለጉዞ የሚዘጋጅ መንጋ ከምንጭ ርቆ መረጨት አለበት፤ መድኃኒቱ ሰውነቱ ላይ ሳይደርቅም ውሃ ውስጥ አይገባም። የታጠበበት ውሃና ባዶው ጠርሙስም ወደ ምንጩ የሚፈስ ቦይ ውስጥ አይጣሉም።

የፕሮሶፒስ ነገርም አለ። ፍሬው ጣፋጭ ስለሆነ እንስሳት ይወዱታል፤ ዘሩ ግን ሳይፈጭ ያልፍና ከበጠጡ ጋር በየውሃ ማጠጫው ይበቅላል። ጥልቅ ሥሩ የከርሰ ምድሩን ውሃ ይስባል፤ ቁጥቋጦውም መንገድ ይዘጋል። ስለዚህ ፍሬውን የበላ መንጋ ከመነዳቱ በፊት ጥቂት ቀናት በበረት ቆይቶ ሌላ መኖ ቢበላ ይመረጣል። ፍሬውን መመገብ የሚፈልግ ደግሞ አስፈጭቶ ያቅርበው፤ የተፈጨ ዘር አይበቅልም።